ኤርፖርት ውስጥ ማደር፦ ብቻውን ለሚጓዝ የትራንዚት መንገደኛ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዱባይ፣ በዶሃ፣ በኢስታንቡል ወይም በፍራንክፈርት በኩል የሚሄድ ሰው ርካሹን ቲኬት ሲመርጥ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው ረጅም የትራንዚት ሌሊት ነው። ዘጠኝና አሥር ሰዓት ወንበር ላይ ማሳለፍ ይቻላል፤ ከተዘጋጁበት ደግሞ አራት አምስት ሰዓት እንቅልፍ አይጠፋም። ሌሊቱን የሚያበላሸው ግን የወንበሩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ቪዛ፣ ሻንጣና ሰዓት ላይ የተሠራ ስሕተት ከማንኛውም ብርድ የከፋ ነው፤ እሱም የሚታረመው ከቤት ሳይወጡ ነው። ስለዚህ ወደ ትራስና ጋቢ ከመሄዳችን በፊት ቲኬቱን እንይ።

ቲኬቱ አንድ ነው ሁለት?

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተቆረጡ ሻንጣዎ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ መጨረሻው መዳረሻ ይላካል። የሁለተኛውንም በረራ ቦርዲንግ ፓስ ብዙ ጊዜ ቦሌ ላይ ይሰጡዎታል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት ሌላ በረራ መፈለግ የአየር መንገዱ ሥራ ነው።

ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ከገዙ ነገሩ ይለወጣል። ሻንጣው የመጀመሪያው ቲኬት የሚያልቅበት ከተማ ላይ ይራገፋል፤ እሱን ለመቀበል ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ኢሚግሬሽን ለማለፍ ደግሞ የዚያ አገር ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛ የሌለው ሰው ሻንጣው ውጭ እየዞረ እሱ ውስጥ ይቀራል፤ ወይም ገና ቦሌ ላይ ቼክኢን የሚሠራው ሠራተኛ አያሳልፈውም። ሁለተኛው በረራ ካመለጠም ገንዘቡ የእርስዎ ኪሳራ ነው። ሁለት ቲኬት መግዛት ግድ ከሆነብዎት በእጅ ሻንጣ ብቻ ይሂዱ፤ ለሁለተኛው በረራ አስቀድመው በኢንተርኔት ቼክኢን ያድርጉና ቦርዲንግ ፓሱን አትመው ይያዙ። አንዳንድ አየር መንገዶች ፓስፖርቱን በዓይናቸው ሳያዩ ቦርዲንግ ፓስ ስለማይሰጡ፣ ይህ የሚቻል መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሻንጣ ሲያስረክቡ እጀታው ላይ የሚጠመጠመውን ወረቀት ያንብቡ። በትልቁ የተጻፉት ሦስት ፊደላት የመጨረሻው ከተማ መለያ መሆን አለባቸው። ወደ ዋሽንግተን ደለስ የሚሄድ ሻንጣ ላይ «አይ ኤ ዲ» መኖር ሲገባው «ዲ ኤክስ ቢ» ብቻ ካለ ሻንጣዎ ዱባይ ሊቀር ነው። ያኔውኑ ይናገሩ፤ ቀበቶው ከወሰደው በኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው። ቁራጩን ደረሰኝ ፓስፖርትዎ ጀርባ ላይ ቢለጥፉልዎትም በስልክ ፎቶ ያንሱት።

ሌላው ወጥመድ ከተማው አንድ ሆኖ ኤርፖርቱ ሁለት መሆኑ ነው። ኢስታንቡል በአውሮፓው በኩል ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ትልቁ ኤርፖርት አለ፤ በእስያው በኩል ደግሞ ሳቢሃ ጎክቼን። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ማለት ወደ ቱርክ መግባት ማለት ነው። ዱባይም ቢሆን ተርሚናል 2 ከተርሚናል 1 እና 3 ተነጥሎ በሜዳው ማዶ ነው ያለው። የፍላይዱባይ በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚያ ነው።

ለማደር የሚያስፈልግ ቪዛ

ብዙ ሰው «ከኤርፖርት ካልወጣሁ ቪዛ አያስፈልገኝም» ይላል። በዶሃ፣ በዱባይና በኢስታንቡል፣ በአንድ ቲኬት ለሚያልፍ ሰው፣ ይህ በአብዛኛው ይሠራል። አውሮፓ ላይ አይሠራም። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ለኤርፖርት ትራንዚት እንኳ ቪዛ ከሚጠይቅባቸው 12 አገሮች አንዷ ናት፤ ኤርትራም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለች። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ፍራንክፈርት ውስጥ ሌሊቱን ወንበር ላይ የሚያድር ሰው፣ አንድም በር ሳይወጣ፣ «ኤ» የሚባለው የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ከዚህ ነጻ የሚሆኑት የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) ወይም የአባል አገር መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ እንዲሁም ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዙ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካ ግሪን ካርድም ይሠራል።

«ኤ» ቪዛ የሚያገለግለው በአንድ ኤርፖርት ዓለም አቀፍ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ሮም፣ ከሮም ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ የሚያደርስ ቲኬት ከያዙ፣ ፍራንክፈርት ላይ ወደ ሸንገን ገብተዋል ማለት ነውና የመግቢያ ቪዛ ያስፈልግዎታል። ርካሽ ቲኬት ፈላጊዎች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ብሪታንያም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ውስጥ ሆኖ ማለፍ» የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፤ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚያልፍም ሰው የአሜሪካን ኢሚግሬሽን ማለፍ አለበት።

ቢጫ ካርዱም አይረሳ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ትቆጠራለች፤ በመሆኑም ቦሌ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ትራንዚት ያደረገን ሰው፣ የየትም አገር ዜጋ ቢሆን፣ የክትባት ካርድ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ደቡብ አፍሪካ አንዷ ናት። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዋዜማ ላይ መከተብ ዋጋ የለውም።

ሰዓቱ

ቲኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት አውሮፕላኑ የሚነሳበት ከተማ ሰዓት ነው፤ የሚጻፈውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው ላይ 6 ይደምሩ፤ 19:00 እና ከዚያ በኋላ ካለው 18 ይቀንሱ። 03:20 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ነው፤ 21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት።

ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በረራ የሚያመልጠው በቀኑ ነው። በእኛ ልማድ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው፤ በቲኬቱ ግን 00:00 ላይ፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይቀየራል። ቲኬትዎ «ማርች 15፣ 00:40» የሚል ከሆነ (በእኛ መጋቢት 6)፣ ማርች 14 ማታ ኤርፖርት መገኘት አለብዎት። ማርች 15 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ከቦሌ የሚነሱት እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ይህ ስሕተት የተለመደ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቲኬቱ ላይ በእስክሪብቶ «ሐሙስ ማታ ለዓርብ አጥቢያ» ብሎ መጻፍ።

ትራንዚት ላይ ደግሞ ስልኩ ይዋሻል። ስልክ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በአብዛኛው ከሞባይል ኔትወርክ ነው። ሮሚንግ የሌለው ሲም ወይም «አውሮፕላን ሁነታ» ላይ የቀረ ስልክ የአዲስ አበባን ሰዓት እንደያዘ ሊያድር ይችላል። ዶሃ፣ ኢስታንቡል፣ ጅዳና ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት ስላላቸው እዚያ ችግር የለም። ዱባይ ግን በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ በአዲስ አበባ ሰዓት የተሞላ አላርም አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይጮኻል። ለመቅረት ደግሞ አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ፍራንክፈርት በክረምታቸው ሁለት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ቢበዛ ያለ ጊዜዎ ይነቃሉ። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ነው፤ በዚያች ሌሊት የሚያድሩ ከሆነ ግድግዳው ላይ ካለው ስክሪን በቀር ማንንም አይመኑ። ከአውሮፕላን እንደወረዱ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው፦ የበረራ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዓት ከስልክዎ ጋር ማመሳከር።

ኤርፖርቶቹ አንድ አይደሉም

ፍራንክፈርት ከ23:00 እስከ 05:00 አውሮፕላን እንዳይነሳና እንዳያርፍ መደበኛ የሌሊት ክልከላ አለ። ስለዚህ ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሱቅና ምግብ ቤቱም አብሮ ይዘጋል። የሚበላና የሚጠጣ ነገር በጊዜ ይግዙ። ተርሚናል 1 ውስጥ፣ «ዜድ» ጌቶች አካባቢ፣ ኢሚግሬሽን ሳያልፉ የሚገባበት የትራንዚት ሆቴል አለ።

የባሕረ ሰላጤው ኤርፖርቶች በተቃራኒው ሌሊት ነው የሚነቁት። ከእስያ የመጣውን መንገደኛ ለአውሮፓና ለአፍሪካ፣ ከአፍሪካ የመጣውን ለእስያ የሚያከፋፍሉት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 7 እና 8 ሰዓት ላይ መርካቶን ይመስላሉ። እዚያ ግርግሩ እስኪያልፍ ጠብቆ መተኛት ወይም ከዋናው አዳራሽ ራቅ ማለት ይሻላል። ዶሃ ሐማድ ኤርፖርት ውስጥ ለወንድና ለሴት የተለዩ፣ መብራታቸው የደበዘዘ ነጻ የማረፊያ ክፍሎች አሉ፤ ጋደም የሚያስደርጉ ወንበሮቻቸው ግን ቶሎ ይያዛሉ። አውሮፕላንዎ ማታ ካረፈ ሱቅ ከማየትዎ በፊት ወደዚያ ይሂዱ። ገንዘብ ካለ እዚያው ውስጥ ኦሪክስ ሆቴል አለ። ዱባይም ተርሚናል 1 እና 3 ውስጥ ዱባይ ኢንተርናሽናል ሆቴልና በሰዓት የሚከራዩ የመኝታ ሳጥኖች አሉ። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፤ ከመንገደኛ ብዛት የተነሳ ሞልተው ስለሚያድሩ አስቀድሞ መያዝ ነው።

ኢስታንቡል በስፋቱ ያደክማል። ከመሐል አዳራሹ እስከ ጫፍ ጌት 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ በእግር ሊያስኬድ ይችላል፤ የጌቱ ቁጥርም ቶሎ አይወጣም። ነጻው ዋይፋይ የሚገኘው ማሽን ላይ ፓስፖርት አስነብቦ ኮድ በመቀበል ነው፤ የሚቆየውም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደርሰው ወዲያው አይጨርሱት፤ ቤተሰብ የሚደውልበትን ወይም ጌት የሚፈልጉበትን ሰዓት ይጠብቁ። በየትኛውም ኤርፖርት ቢሆን ዋይፋዩ ኮድ በአጭር መልእክት የሚልክ ከሆነ ሮሚንግ የሌለው የኢትዮጵያ ሲም አይቀበለውም። ቲኬት፣ ቪዛና የሚቀበልዎትን ሰው ስልክ ቁጥር ከወዲሁ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ወረቀት ላይም ይጻፉ።

ቦሌ ላይ ለሚያድር ሰው ዋናው ጠላት ብርዱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከናይሮቢ ወይም ከካርቱም ቀለል ያለ ሸሚዝ ለብሶ የመጣ ሰው ሌሊት ይንቀጠቀጣል። ከክልል በመጨረሻው የአገር ውስጥ በረራ መጥቶ ለነገ ጠዋት በረራ የሚጠብቅ ሰው ግን ቦሌ አካባቢ ያለ ማንኛውም ፔንሲዮን ቢያርፍ ይሻለዋል።

ረጅም ትራንዚት ላለው ሰው ነጻ ሆቴል የሚሰጡ አየር መንገዶች አሉ፤ ኢትዮጵያ አየር መንገድና የቱርክ አየር መንገድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። መሥፈርቱ በቲኬቱ ዓይነትና በሰዓቱ ርዝመት ይወሰናል፤ ሆቴሉ ከተማ ውስጥ ከሆነም የመግቢያ ቪዛ ይጠየቃል። ይህንን ቲኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ መከራከር እምብዛም አያዋጣም።

የእጅ ሻንጣው

ማንኛውም ትልቅ ኤርፖርት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በረሃ ውስጥ ያሉት እንዲያውም ማቀዝቀዣቸው የባሰ ነው። ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያ ያለው ሹራብና አንድ የሚደርቡት ጨርቅ ያስፈልጋል። ጋቢ የሚሞቅ ቢሆንም የሻንጣውን ግማሽ ይይዛል። ነጠላ ወይም ኩታ ሲታጠፍ መዳፍ ይሞላል፤ ፊት ይሸፍናል፣ ወንበር ላይ ይነጠፋል፣ ሲጠቀለል ትራስ ይሆናል። ከዚህ ሌላ የጆሮ መድፈኛ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ እስክሪብቶ፣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሦስት ቀን መድኃኒት ይበቃል። በአፍ የሚነፋ የአንገት ትራስ ጥሩ ነው፤ በጥጥ የተሞላው ግን ቦታ ይፈጃል።

ቻርጀር ላይ ሰው ይሸወዳል። የኢትዮጵያው ሁለት ክብ ጥርስ ያለው ሶኬት ኢስታንቡልና ፍራንክፈርት ላይ ይገባል። ዱባይና ዶሃ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን የእንግሊዝ ዓይነት ይጠቀማሉ፤ አሜሪካ ደግሞ ሁለት ጠፍጣፋ። አንድ ማቀያየሪያ ከመርካቶ ገዝቶ መያዝ ኤርፖርት ሱቅ ውስጥ ከሚጠይቁት ዋጋ ያድናል። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው፤ በእጅ ብቻ ይያዛል፤ የተለመደው ወሰንም 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የሚል የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ 30,000 የሚለው ግን ወሰኑን ያልፋልና ሊወሰድ ይችላል። ቁጥሩ የተፋቀ ፓወር ባንክም ፍተሻ ላይ ክርክር ያስነሳል።

ምግብ በተመለከተ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ደረቅ ዳቦ የትም ያልፋሉ፤ አይሸቱም፣ አይፈሱም። የትራንዚት ኤርፖርቶች ከአውሮፕላን የወረደን ሰው እንደገና ይፈትሻሉ፤ ስለዚህ ቦሌ ያለፈ ነገር ሁሉ እዚያ ያልፋል ማለት አይደለም። ማር፣ ቅቤ፣ አዋዜና ጠጅ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በአብዛኛው ኤርፖርት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ ከያዟቸው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ። ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ዱቄት ቢሆኑም ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ለተጨማሪ ፍተሻ ይጋለጣሉ፤ ካልተለዩም ይቀራሉ። እነዚህ ሁሉ ቦታቸው የሚጫነው ሻንጣ ነው። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በግል ይዞ መግባት ስለተከለከለ ቋንጣዎን እዚያው ትራንዚት ላይ ይጨርሱት። ባዶ የውኃ ጠርሙስ ይያዙ፤ ከፍተሻ በኋላ ከመጠጫ ቧንቧው ይሞላሉ። የሚጾሙ ከሆነ ለአውሮፕላኑ የቪጋን ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይዘዙ፤ ሥጋና ወተት የሌለበት ማለት እሱ ነው። «ቬጀቴሪያን» ካሉ ግን አይብና ወተት ሊኖረው ይችላል።

ብር ከኢትዮጵያ ውጭ የሚመነዝር እምብዛም የለም። በትንንሽ ኖት ያለ ዶላር ወይም ዩሮ ይያዙ፤ መልስ የሚሰጥዎት ግን በአገሩ ገንዘብ ስለሆነ ለአንድ ሻይ ትልቅ ኖት አይስጡ።

ቦታ መምረጥ

ከአውሮፕላን ሲወርዱ «ትራንስፈር» የሚለውን ምልክት ይከተሉ፤ «አራይቫል» ወይም «ባጌጅ» የሚለው ወደ ኢሚግሬሽን ይወስዳል። ፍተሻውን አልፈው፣ የሁለተኛው ቦርዲንግ ፓስ ከሌለዎት የትራንስፈር ጠረጴዛው ጋ ይጨርሱ። ከዚያ መጸዳጃ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ ቻርጅ፤ ሁሉም ከመተኛት በፊት። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ዕቃ የሚጠብቅለት የለምና፣ አንዴ ቦታ ይዞ ከተኛ በኋላ ለሽንት መነሳት ቦታውን ማጣት ነው።

እጀታ የሌለው ተከታታይ ወንበር ይፈልጉ። የበረራ ሰሌዳውን አይተው እስኪነጋ ድረስ በረራ የሌለበትን ጌት ይምረጡ፤ በረራ ያለበት ጌት ላይ ከተኙ ሁለት መቶ ሰው መጥቶ ይቀሰቅስዎታል። ምንጣፍ የተነጠፈበት ወለል ከወንበር ሊሻል ይችላል፤ እምነበረድ ግን ነጠላ ቢነጠፍበትም ሙቀት ይመጥጣል። ከአየር ማቀዝቀዣው አፍ፣ ከቡና ማሽን፣ ከማጨሻ ክፍል በር፣ ከሚንቀሳቀሰው መተላለፊያና ከልጆች መጫወቻ ይራቁ። የወለል ማጽጃ ማሽኑ ሌሊት ሰፊውን መተላለፊያ ስለሚጠርግ ጥጉን ይያዙ። የጸሎት ክፍሎች ለጸሎት ናቸው፤ እዚያ የሚተኛ ሰው ይቀሰቀሳል፣ አማኙንም ያስቀይማል።

ጭልም ያለ ጥግ ለእንቅልፍ ይመቻል፤ ብቻውን ለሆነ ሰው ግን አይመከርም። ካሜራ የሚያይዎት፣ የጥበቃ ሠራተኛ የሚያልፍበት፣ ቤተሰብ የተኛበት አካባቢ ይሻላል። በተለይ ለሴት መንገደኛ ልጆች ከያዘች እናት ጎን መሆን ከማንኛውም ጥንቃቄ ይበልጣል፤ ለሴት ብቻ የተለየ ማረፊያ ካለም እሱ ይቀድማል። «ወንበር ልፈልግልሽ»፣ «ላውንጅ ላስገባሽ» የሚል የማያውቁት ሰው መጥቶ አጥብቆ ካስቸገረ፣ ተነስቶ ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ጋ መሄድ ነው እንጂ መልስ መስጠት አያስፈልግም።

ፓስፖርት፣ ገንዘብና ቦርዲንግ ፓስ በአንገት በሚንጠለጠል ከረጢት ከልብስ ሥር ይሁኑ፤ የጃኬት ኪስ ሲተኙ ይከፈታል። ፖሊስ ሌሊት ቀስቅሶ ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል ግን በሦስት ድርብ ልብስ ውስጥ አይቅበሩት። የእጅ ሻንጣውን ጎን ላይ ሳይሆን እግር ሥር ያድርጉና ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ያዙሩት፤ ትንሿ ቦርሳ ከራስ ሥር ትሁን። ስልክ ቻርጅ እያደረጉ እንቅልፍ መተኛት አይሁን፤ ፓወር ባንኩን ኪስ ውስጥ ከስልኩ ጋር ማገናኘት ይሻላል። ጫማ ያላሉ እንጂ አያውልቁ። ተቀምጠው ከሆነ የሚተኙት፣ በነቁ ቁጥር ተነስተው ጥቂት ይራመዱ፤ ረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥ ያሳብጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል።

አደራ

ኤርፖርት ውስጥ አማርኛ መስማት ደስ ያሰኛል፤ እዚህ ላይ ግን ጨከን ማለት ያስፈልጋል። «ኪሎ በዝቶብኝ ነው፣ እቺን ብቻ ያዝልኝ»፣ «መድኃኒት ናት ለእናቴ» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዕቃው ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ከተገኘ ግን የሚጠየቀው በእጁ የተገኘበት ሰው ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቅጣቱ ረጅም እስር፣ አንዳንድ ቦታም ሞት ነው። ጫትም በብዙዎቹ ዘንድ እንደ ዕፅ ይቆጠራል። ሽማግሌን ሻንጣ በመግፋት፣ ጌት በማሳየት፣ ቅጽ በመሙላት መርዳት ይቻላል፤ ዕቃቸውን በራስዎ ስም ማስመዝገብና በእጅ ይዞ ማለፍ ግን አይገባም። የሰው ሻንጣ «ለአንድ ደቂቃ» መጠበቅም እንዲሁ ነው፤ የእርስዎንም ለማያውቁት ሰው ትተው አይሂዱ። ባለቤት የሌለው ሻንጣ ሲታይ ጥበቃ ይጠራል፤ አካባቢውም ሊዘጋ ይችላል።

መነሳት

ጌት የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በረራው ከመነሳቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት ነው፤ መሳፈር የሚጀመረው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። በዚህ ላይ የመራመጃውን፣ የመጸዳጃውንና በአንዳንድ ጌቶች ያለውን ሌላ ፍተሻ ሲጨምሩ፣ የመጀመሪያው አላርም መነሻ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይጩኽ፤ ሁለተኛው ከ10 ደቂቃ በኋላ። የጆሮ መድፈኛ ካደረጉ ስልኩ እንዲንቀጠቀጥ አድርገው ከሰውነትዎ ጋር ያስጠጉት። ርካሽ የእጅ ሰዓት እንደ ሁለተኛ አላርም ጥሩ ነው፤ የስልክ ባትሪ ቢያልቅ እሱ አለ። በብዙ ትልልቅ ኤርፖርቶች ለእያንዳንዱ በረራ በድምጽ ማጉያ ጥሪ አይደረግም፤ «ስሜን ይጠሩኛል» ብሎ መተኛት አይሠራም።

እንደነቁ ፊት ሳይታጠቡ ሰሌዳውን ይዩ። ማታ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የታተመው ጌት ሌሊት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ለውጡ የሚታየው ሰሌዳው ላይ ነው። ለዚህም ሲባል ጌቱ ደጃፍ ላይ ከመተኛት ይልቅ በዚያው ክንፍ ውስጥ ሰሌዳ ከሚታይበት ቦታ መተኛት ይመረጣል።

ሌሊቱ ያልታሰበ ሲሆን

በረራ ተሰርዞ ወይም ዘግይቶ ሳያስቡት የሚያድሩ ከሆነ ወንበር ከመፈለግዎ በፊት ወደ አየር መንገዱ ጠረጴዛ ይሂዱ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ኤርፖርት ለሚነሳ በረራ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን፣ በሕግ ቁጥር 261/2004 መሠረት ምግብና መጠጥ፣ ሌሊት ማሳደር ካስፈለገም ሆቴልና ወደዚያ የሚያደርስ መጓጓዣ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውም በረራ በዚህ ይሸፈናል። ወደ አውሮፓ ለሚገባ በረራ ግን ይህ ሕግ የሚሠራው አየር መንገዱ የአውሮፓ ሲሆን ነው።

የመግቢያ ቪዛ ስለሌለዎት ከተማ ያለ ሆቴል መሄድ ካልቻሉ፣ ውስጥ ያለውን የትራንዚት ሆቴል ይጠይቁ፤ ሞልቶ ከሆነ የምግብ ኩፖን፣ ብርድ ልብስና ላውንጅ ይጠይቁ። ሳይጠይቁ የሚሰጥ እምብዛም ነው። በራስዎ ገንዘብ ከገዙ የእያንዳንዱን ደረሰኝ ይያዙ፤ የመዘግየቱን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተሰረዘውን በረራ የሚያሳየውን ሰሌዳ ፎቶ ያንሱ፤ የመጀመሪያውን ቦርዲንግ ፓስ አይጣሉ። አዲስ በረራ ሲሰጥዎት ደግሞ ሻንጣዎ ወደ አዲሱ በረራ መዛወሩን በደረሰኙ ቁጥር አስፈትሸው ይውጡ።